ሥዕሌን ሰርቀው የሚሸጡበት ድረ ገጽ አቤቱታዬን እንዴት አስተናገደው?

ከሁለት ወር በፊት አንድ ማለዳ፣ ገና ከአልጋ ሳልወርድ፣ ጓደኛዬ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ከሥሩ «ይሄ ያንቺ ወፍ አይደለም እንዴ?» ብላለች። ከፈትኩት። ጥቁር ቲሸርት ላይ የታተመ፣ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ ወፍ ነው። የኔ መሰለኝ። ግን ወፍ ስንቱ ይስላል፣ አቀማመጡም ሊገጣጠም ይችላል፣ ስለዚህ ወዲያው መጮህ አልፈለግኩም። ምስሉን አሳድጌ እግሩን አየሁ። ያንን ወፍ ስስል የግራ እግሩ መካከለኛ ጣት ላይ ጥፍር ማድረግ ረስቼ ነበር። የታወቀኝ ሥዕሉን ከለቀቅኩት በኋላ ስለሆነ እንዲሁ ተውኩት። ቲሸርቱ ላይ ያለው ወፍም ያቺ ጥፍር የለችውም። ጥግ ላይ የነበረው ፊርማዬ ደግሞ ተፍቋል፤ የተፋቀበት ቦታ ላይ የቅርንጫፉ ቅርፊት ደብዘዝ ብሎ ይታያል።

ጥርጣሬዬ እዚያው አለቀ።

ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። በምስል ፍለጋ፣ በሻጩ ስም፣ በዕቃው መግለጫ ሁሉ ሞከርኩ። ያው ወፍ በቲሸርት፣ በኩባያ፣ በስልክ ከቨር፣ በትራስ ልብስ ላይ በ14 የዕቃ ገጾች ተለጥፎ አገኘሁት። ሁሉም የአንድ ሻጭ ናቸው። ድረ ገጹ ብዙ ሻጮች ንድፍ እየጫኑ፣ ገዢ ሲያዝ ዕቃው እየታተመ የሚላክበት ትልቅ ገበያ ነው። ስሙን አልጠራም። የዕቃቸውን ጥራትም ሆነ የማድረሻ ፍጥነታቸውን አልገመግምም፤ ከእነሱ ገዝቼ አላውቅም። የምገመግመው አንድ አገልግሎት ብቻ ነው፦ «ሥራዬ ያለፈቃዴ እናንተ ጋ እየተሸጠ ነው» ሲባሉ የሚያደርጉትን። ብዙ ሰው ይሄንን አገልግሎት የሚያውቀው ሲቸግረው ነው፣ ሲቸግረው ደግሞ ረጋ ብሎ የማንበብ ጊዜ የለውም።

በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ያነሳሉ፣ ሲያነሱም አይዘገዩም። የሚጎድላቸው መናገር ነው። ለአቤት ባዩም ለተከሳሹም ማወቅ ያለባቸውን ነገር አይነግሯቸውም። እኔንም የጎዳኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቻታቸው ነበር። ያገኘኋት ሠራተኛ ትሁት ናት፣ ግን ስለ ቅጂ መብት ምንም አታውቅም። «ሻጩን በመልእክት ያነጋግሩት» አለችኝ። ፊርማዬን ፍቆ የሚሸጥ ሰው መልእክት ስጽፍለት ምን እንደሚያደርግ መገመት ከባድ አይደለም፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ገጹን ዘግቶ በሌላ ስም ይከፍተዋል፣ ማስረጃዬም አብሮ ይጠፋል። ሃያ ደቂቃ እዚያ ካቃጠልኩ በኋላ የገጹ ግርጌ ድረስ ወርጄ፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል የተጻፈ «የአእምሯዊ ንብረት» የሚል ሊንክ አገኘሁ። በየትኛውም የንግድ ድረ ገጽ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢገጥማችሁ ቀጥታ ወደ ግርጌው ውረዱ። ቻት የተሠራው ለዕቃ መመለስና ለክፍያ ጥያቄ ነው። እነሱ ግን ቢያንስ ለቻት ሠራተኞቻቸው ያንን ሊንክ ሊሰጧቸው ይችሉ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚበቃው ነገር ነው።

ገጹ ራሱ ግን ጥሩ ነው፣ ከጠበቅኩት በላይ። የቅጂ መብትን፣ የንግድ ምልክትንና ፓተንትን ለያይቶ በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የድርጅት ስምና ሎጎ ሲወሰድ ጉዳዩ በዋናነት የንግድ ምልክት ነው፣ ሥዕል፣ ፎቶና ጽሑፍ ሲወሰድ የቅጂ መብት ነው፣ አንዱን በሌላው ፎርም የላከ ሰው ብዙ ቀን ጠብቆ «አልተቀበልንም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ሐሳብ በቅጂ መብት እንደማይጠበቅም ጽፈዋል። ልክ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ ወፍ መሳል የማንም የግል ንብረት አይደለም። የኔ የሆነው ያ ወፍ ነው፣ በዚያ መስመር የተሳለው፣ ከጎደለች ጥፍሩ ጋር።

የተወካያቸው ስም፣ ኢሜይልና የፖስታ አድራሻም እዚያው አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዲኤምሲኤ የሚባለው ሕግ፣ ተጠቃሚዎች ጭነውት ለተገኘ ነገር ድረ ገጹ በካሳ እንዳይጠየቅ ከለላ ይሰጠዋል። ከለላው ግን ግዴታ አለው። አቤቱታ የሚቀበል ተወካይ መሰየም፣ አድራሻውን ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ፣ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ መዝገብም ማስመዝገብ አለበት። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ምዝገባው በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፣ ክፍያው 6 ዶላር ነው፣ ስለዚህ ያላደሰ ድርጅት ምክንያት የለውም። የእነዚህን ገብቼ አየሁት፣ ታድሷል። ከማን ጋር እንደምነጋገር ማወቄ ትንሽ አረጋጋኝ። እናንተም አቤቱታ ከመላካችሁ በፊት መዝገቡን ብታዩት ጥሩ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ አድራሻ ያልጻፈ ድርጅት እንኳ አንዳንዴ እዚያ ይገኛል።

አሁን ወደ ፎርሙ።

ሕጉ ከአቤቱታ አቅራቢ የሚፈልገው ስድስት ነገር ነው፦ ፊርማ፣ በኤሌክትሮኒክስ ቢሆንም ይበቃል፤ የተሰረቀው ሥራ የትኛው እንደሆነ፤ የተለጠፈበት ቦታ፤ የአቅራቢው አድራሻ፤ አጠቃቀሙ ያልተፈቀደ መሆኑን በቅን ልቦና እንደሚያምን የሚገልጽ ቃል፤ መረጃው ትክክል እንደሆነና የባለመብቱን ጉዳይ ለማቅረብ ሥልጣን እንዳለው የሚያረጋግጥ ቃል። ሌላ የለም። የእነሱ ፎርም ግን አንድ የራሱን ጨምሯል፤ «የቅጂ መብት ምዝገባ ቁጥር» ይላል፣ ከጎኑ ቀይ ኮከብ አለ፣ ካልሞሉት አያሳልፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ እንደሚመለስ እርግጠኛ ነኝ። እኔም ለአፍታ ቆሜያለሁ። ወፌን የትም አላስመዘገብኩም። ግን የቅጂ መብት የሚወለደው ሥራው ሲሠራ ነው፣ ምዝገባ አይጠብቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነትም መብቱ በምንም ሥርዓት ላይ አይንጠለጠልም ብሎ ደንግጓል፣ ከዓለም አገሮች አብዛኞቹ የስምምነቱ አባላት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ምዝገባ የሚያስፈልገው፣ እዚያው አገር የተሠራ ሥራ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ለመክሰስ ነው። አንሱልኝ ለማለት አያስፈልግም። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። አለፈ! ማለትም ሳጥኑ ማንም የማያየው ጌጥ ነው፤ ጌጡ ግን መብቱን የማያውቀውን ሰው በሩ ላይ ያስቀረዋል። ይሄንን አንሱት ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የሊንክ ሳጥኑ ነው። አንድ ሊንክ ይቀበላል፣ «ጨምር» ስትሉት ሌላ ሳጥን ይከፍታል፣ አሥር ሲሞላ ግን ያቆማል። የኔ 14 ስለነበረ ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የሥዕሉን መግለጫ ሁሉ እንደገና ሞልቼ ሁለተኛ አቤቱታ ላክሁ። ሕጉ ራሱ በአንድ ማስታወቂያ ብዙ ሥራ መዘርዘር ይፈቅዳል። ለእኔ 14 ነው፣ ችዬዋለሁ፤ መቶ ፎቶ የተወሰደበት ፎቶ አንሺ ግን ሥራውን ትቶ ሲገለብጥ ይውላል።

ስለ ማስረጃ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ለጥሩው መልስ የረዳኝ እሱ ይመስለኛል። ፎርሙ ፋይል ማያያዝ ይፈቅዳል፣ ይሄ ጥሩ ነው። ሥዕሉን በየንብርብሩ የተሠራበትን ኦሪጅናል ፋይል ስክሪንሾት አነሳሁ፣ ፋይሉ የተፈጠረበት ቀን ይታያል። መጀመሪያ የለቀቅኩበትን ገጽ ሊንክ አያያዝኩ። የ14ቱን ገጾች ሙሉ ስክሪንሾት፣ አድራሻውና ቀኑ እንዲታይ አድርጌ አስቀመጥኩ፣ እያንዳንዱን ገጽ ደግሞ በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አስቀዳሁት፤ ሻጩ ቢያጠፋው እንኳ ቅጂው ይቀራል። በመጨረሻ የሁለቱን ወፎች እግር ጎን ለጎን አድርጌ፣ ጥፍር የሌላትን ጣት በቀይ ከብቤ አንድ ምስል ሠራሁ። ከሁሉም በላይ የሠራችው እሷ ናት። ኋላ የጻፈልኝ ሠራተኛ «ያያዙትን የእግር ንጽጽር ተመልክተናል» ብሎ በስም ጠቅሷታል።

ወደ መሐላው ስደርስ ፎርሙ ያስፈራል። በትልልቅ ፊደል «ከዚህ በላይ የጻፉት ማንኛውም ነገር ስህተት ቢሆን በሐሰት ምስክርነት ይከሰሳሉ» ይላል። ሕጉ እንደዚህ አይልም። በሐሰት የመማል ቅጣት የተያያዘው ለባለመብቱ የመናገር ሥልጣን አለኝ ከሚለው ቃል ጋር ነው። ሊንክ ተሳስቶ የገለበጠ ሰው በዚያ አይከሰስም። እያወቀ ትልቅ ውሸት የጻፈ ሰው ግን ላደረሰው ጉዳት በሌላ አንቀጽ ይጠየቃል፣ ሊጠየቅም ይገባዋል። እውነቱን ይዞ የመጣውን ሰው አለልክ ማስፈራራት ውሸታሙን አያስቆመውም፤ ውሸታም ያንን ጽሑፍ አያነበውም እንኳ።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ልምጣ።

ፎርሙ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይልና የፖስታ አድራሻ ይጠይቃል። ሞላሁ፣ የቤቴን። የት እንደሚሄድ የሚናገር አንድ ቃል ከሳጥኖቹ አጠገብ የለም። በአራተኛው ቀን ከማላውቀው ሰው ኢሜይል መጣ። ሻጩ ነው። «አድራሻሽ እጄ ላይ ነው፣ አቤቱታሽን ብታነሺ ይሻልሻል» ይላል። ከሥሩ የቤቴን አድራሻ እኔ ፎርሙ ላይ በጻፍኩት መልክ፣ ከነሰረዙ፣ ገልብጦታል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለብዙ ቀን በር ሲንኳኳ እደነግጥ ነበር።

ለድረ ገጹ ጻፍኩ። መልሳቸው «በፖሊሲያችን መሠረት የአቤቱታው ቅጂ ለሚመለከተው ሻጭ ይተላለፋል» የሚል ነበር። ፖሊሲውን ሄጄ አየሁት፤ እውነት ነው፣ በሌላ ገጽ፣ በረጅሙ ጽሑፍ መሐል፣ አንድ መስመር አለች። የተከሰሰ ሰው ማን እንደከሰሰው የማወቅ መብት እንዳለው ይገባኛል፣ እኔም ብሆን እፈልጋለሁ። የቅሬታዬ መነሻ ማስተላለፋቸው አይደለም። አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ የቤቴን አድራሻ አልጽፍም ነበር፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ወይም የሥራ አድራሻ መስጠት ይቻላል፣ በወኪል ወይም በጠበቃ ማቅረብም ይቻላል። ሳጥኑ ሥር «ይህ መረጃ ለሻጩ ይደርሳል» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ያንን ሳምንት ሙሉ በሰላም እተኛ ነበር። ማስፈራሪያውን ልኬላቸው ሻጩን አስጠነቀቅነው ብለዋል፣ እሱም ከዚያ ወዲህ አልጻፈልኝም።

ይሄንንም እወቁ፦ አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች የሚደርሳቸውን አቤቱታ ቅጂ ሉመን ለሚባለው የጥናት መዝገብ ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ፕሮጀክት ነው፣ ማን ምን እንዲነሳ እየጠየቀ እንደሆነ ሕዝብ እንዲያውቀው ይሠራል። ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ስልክና አድራሻን የመሰሉ የግል መረጃዎች ተሸፍነው ነው የሚወጡት፣ የላኪው ስም ግን ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አቤቱታችሁን ስትጽፉ ሌላ ሰው ያነበዋል ብላችሁ ጻፉት። ስድብ አታስገቡበት።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ መመስገን አለባቸው። ሁለቱንም አቤቱታ የላክሁት ሰኞ ማታ ነው። መድረሱን የሚገልጽ ኢሜይል በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጣ፣ ቁጥር አለው። ረቡዕ ከሰዓት ሰው ጻፈልኝ፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ገጾች በሙሉ፣ ከሁለተኛው አቤቱታ ደግሞ አንዱ ተነስተዋል። ሕጉ «ፈጥኖ» ከማለት ውጭ የሰዓት ገደብ አልቆረጠም፣ ስለዚህ ሁለት ቀን ለእኔ ጥሩ ነው። በሌላ ቦታ ሦስት ሳምንት ጠብቄ አውቃለሁ።

ለቀሩት 3 ገጾች ግን የተሰጠኝ መልስ «በቂ መረጃ አልቀረበም» ነው። በቃ። ምኑ እንዳልበቃ አይልም። ፋይሉ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ ሻጩ ያው። ግማሽ ቀን ስመረምር ቆይቼ የደረስኩበት፣ ሊንኮቹን የገለበጥኳቸው የቲሸርቱን ቀለም ከመረጥኩ በኋላ ስለነበረ መጨረሻቸው ላይ ረጅም ጭራ ተከትሏቸዋል፣ እነሱ ጋ ሲከፈቱ ወደ ሌላ ገጽ ይወስዳሉ። ጭራውን ቆርጬ እንደገና ከላክኋቸው በኋላ እሑድ ጠዋት ተነሱ። አንድ ሠራተኛ «ሊንኩ አይከፍትልንም» ቢለኝ ኖሮ ረቡዕ ማታ ያልቅ ነበር። ሕጉም ቢሆን ዋና ዋናውን ያሟላ አቤቱታ ትንሽ ነገር ሲጎድለው፣ ተቀባዩ አቅራቢውን አግኝቶ እንዲያሟላ ሊረዳው ይገባል የሚል መንፈስ አለው። እነሱ ጉድለቱን አይተው የዘጋ መልስ ሰጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወፏ ተመልሳ መጣች። ሌላ የሻጭ ስም፣ ሌላ የገጽ ቀለም፣ ያው ጥፍር የሌላት ጣት። ይሄኛው ክፍል ላይ ሳስብ የድረ ገጹንም ችግር ለማየት ሞክሬያለሁ። ሕጉ ድረ ገጹ የተጫነውን ሁሉ እየዞረ እንዲቆጣጠር አያስገድደውም። ደጋግመው የሚጥሱትን የማባረር ፖሊሲ እንዲኖረውና እንዲሠራበት ግን ያስገድደዋል። ስንት ጊዜ ሲሆን ነው «ደጋግሞ» የሚባለው? ሕጉ ቁጥር አልጻፈም። ዩቲዩብ በ90 ቀን ውስጥ 3 ማስጠንቀቂያ የደረሰውን ቻናል እዘጋለሁ ይላል፣ ይሄ የራሱ ደንብ ነው፣ ቢያንስ ሰው ያውቀዋል። የእነዚህ ፖሊሲ «ተገቢ ሆኖ ሲገኝ» ይላል። ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? ብዬ ጠየቅኩ፣ መልስ የለም።

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮንቴንት አይዲ የሚባል፣ የተጫነን ቪዲዮ ባለመብቶች ካስቀመጡት ጋር የሚያመሳክር ሥርዓት አለው። ለማንም የተከፈተ አይደለም፣ በስህተትም ይወቀሳል፣ ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ አንዴ የተነሳን ፋይል ሲመለስ መለየት የማይቻል ነገር አይደለም። ለአንድ የወፍ ሥዕል ደግሞ ከቪዲዮ ይቀላል። እነሱ አንስተውት የነበረውን ምስል ራሱን፣ ፒክሰሉ ሳይለወጥ፣ እንደገና ሲጫን ዝም ብለው ተቀብለዋል። ሁለተኛውን አካውንት እንዳገኘሁ የቀድሞውን የአቤቱታ ቁጥር ጠቅሼ ላክሁ፣ በማግስቱ አወረዱት። አዲሱ ሻጭ የድሮው ሰው ይሁን አይሁን ግን አልነገሩኝም።

ስለ ሌላኛው ወገን ካልጻፍኩ ግምገማዬ ሐቀኛ አይሆንም። እዚያው ድረ ገጽ ላይ የራሷን ንድፍ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ፣ ያቺው ስክሪንሾት የላከችልኝ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው አጭበርብሮ ከሷት ሦስት ገጾቿ ወርደዋል። የደረሳት መልእክት «የቅጂ መብት አቤቱታ ስለቀረበብዎ ገጹ ተነስቷል» የሚል አንድ መስመር ነው። ማን? የትኛውን ሥራ ወሰደች ተባለ? ምንም። የኔ አድራሻ ለሻጩ ከነሰረዙ ተልኮ፣ ለእሷ ግን የከሳሿ ስም እንኳ አልደረሳትም። ተመሳሳይ ድርጅት፣ ተመሳሳይ ፖሊሲ! የሚሠሩት አንዱን ሰው ከሌላው ሰው እያማረጡ ይሁን ወይም እንደ ሠራተኛው ይለያይ አላውቅም፣ የሚያስቆጣ ነገር ግን ነው።

መቃወሚያ ማቅረብ እንደምትችል የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ድረ ገጹ አልነገራትም። መቃወሚያው ሲደርስ ድረ ገጹ ለከሳሹ ያሳውቃል፣ ከሳሹ ፍርድ ቤት መሄዱን ካላስታወቀ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የወረደው ይመለሳል። ከሳሿ ድምፁን አላሰማም፣ ገጾቿ በ13ኛው የሥራ ቀን ተመለሱ። በነዚያ ቀናት ያጣችውን ሽያጭ የሚመልስላት ግን አልነበረም። እኔም ከሳሽ ሆኜ ይሄ ሰዓት አስጨንቆኛል፤ ሻጩ ቢቃወም ኖሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክስ መመሥረት ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ እስከ 30,000 ዶላር የሚደርስ ትንንሽ ጉዳይ የሚያይ የቅጂ መብት አቤቱታ ቦርድ አለ፣ እዚያ ማቅረብም ይቆጠራል፣ ተከሳሹ ግን እዚያ አልዳኝም ማለት ይችላል። ይሄንን ሁሉ ከድረ ገጹ ገጽ ላይ አታገኙትም።

በአውሮፓ ኅብረት ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ፣ ድረ ገጽ የአንድን ሰው ነገር ሲያነሳ ምክንያቱን ግልጽ አድርጎ በጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። ትንንሾቹ ድርጅቶች ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ቢያንስ ለ6 ወር ይግባኝ የሚቀበሉበት መንገድ እንዲኖራቸው፣ ይግባኙም በማሽን ብቻ እንዳይወሰን ያደርጋል። ጓደኛዬ የፈለገችው ይሄንኑ ነበር።

አቤት ባዮችንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ አንዲት እናት ልጇ ሲደንስ የቀረጸችውን 29 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ከጀርባው ሙዚቃ ይሰማል ተብሎ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ አስወርዶባት ነበር። ጉዳዩ ለዓመታት ተጓትቶ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 አቤት ባይ ከመላኩ በፊት አጠቃቀሙ ፍትሃዊ አጠቃቀም (ባለመብቱን ሳያስፈቅዱም ሕጉ የሚፈቅደው) ሊሆን ይችል እንደሆነ ማሰብ አለበት ብሎ ወሰነ። የእነዚህ ፎርም ይሄንን የሚያስታውስ ጥያቄ አለው፤ «ለትችት፣ ለዜና ወይም ለማስተማር ውሎ ሊሆን እንደሚችል አስበዋል?» ይላል። ፎርሙ ላይ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይሄንን ነው። ትራስ ልብስ ላይ ለሚሸጥ ወፍ መልሱ ቀላል ነው፣ ግን ጥያቄው መኖሩ ሌላ ቀን ተናድጄ የማይገባ ነገር እንዳልልክ ያቆመኛል።

ነጥብ ስጪ ብትሉኝ ከ5 ሦስት እሰጣለሁ። ለፍጥነቱና ለገጹ አጻጻፍ አራት ይገባቸው ነበር፤ ለአድራሻዬና ለጓደኛዬ ባዶ መልእክት ግን አንድ መቀነስ አለብኝ፣ ስለ እሱ ድርድር የለኝም። ተጠቀሙበት፣ ይሠራል። የቤታችሁን አድራሻ አትስጡ፣ ሊንኩን ከነጭራው አትገልብጡ፣ የምዝገባ ቁጥር ከሌላችሁ «የለም» በሉ፣ የአቤቱታ ቁጥራችሁን አትጣሉ።

ትናንት ማታ እንደገና ፈለግኩት። 14ቱም ገጾች «ይህ ዕቃ አሁን አይገኝም» ይላሉ፣ ሁለተኛው አካውንትም ተዘግቷል። ከፍለጋ ሞተር ላይ ግን አንድ የኩባያ ፎቶ አልጠፋም፤ ድረ ገጹ ቢያወርደውም የፍለጋው ምስል ለብቻው ይቆያል፣ ለእሱ ሌላ ጥያቄ ለፍለጋ ሞተሩ ይላካል። ላክሁ። ኩባያው ትንሽ ነው፣ ወፏም ከሩቅ ነው የምትታየው፣ እግሯ ግን ይለያል።